ስንወጣ በሩ ላይ ጠይቁን

ይድረስ ለአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ኃላፊዎችና ለአማርኛ ፊልም ሠሪዎች

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ተራ ተመልካች ነኝ። የፊልም ትምህርት የለኝም። የምሠራው አነስተኛ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። የሰርግ ካርድ፣ ደረሰኝ፣ አንዳንዴም የእናንተን ፖስተር እናትማለን። (ወንዱና ሴቷ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው የሚቆሙበትን ፖስተር ስንት ጊዜ እንዳተምነው ቆጥሬ አልጨርሰውም። ይሄ ግን የዛሬ ጉዳዬ አይደለም።)

የዛሬ ጉዳዬ አንድ ውሸት ነው። የዋሸሁትም እኔው ነኝ፤ ያውም ካሜራ ፊት።

ጊዜው ትንሽ ቆየት ብሏል። አንድ ፊልም ሲመረቅ የጥሪ ካርድ አግኝቼ ሄድኩ። የፊልሙንም የአዳራሹንም ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለምና። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ። እኔ ሦስት ጊዜ ስልኬን አውጥቼ ሰዓት አየሁ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ደግሞ ግማሹን ተኝቶ ነው የጨረሰው። አለቀ፣ ተጨበጨበ፣ ወጣን። በሩ ላይ ካሜራና ማይክ የያዙ ልጆች ቆመዋል። ለመሸሽ ሳስብ ማይኩ አፌ ስር ደረሰ።

«ፊልሙን እንዴት አገኙት?»

«በጣም ቆንጆ ፊልም ነው። ሁሉም ሰው መጥቶ ሊያየው ይገባል።»

አንደበቴ እንዴት እንደተፈታ! ምን ላድርግ? መሪ ተዋናዩ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሱፉን ለብሶ ቆሟል። እናቱም አብረውት ነበሩ። በእናቱ ፊት «ደበረኝ» የሚል ማን አለ?

ከሳምንት በኋላ በፊልሙ ማስታወቂያ ላይ ራሴን በቴሌቪዥን አየሁት። የሰፈር ልጅ ሁሉ «አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ። ኮራሁ፣ አልዋሽም። አንዱ ጎረቤቴ ግን ቃሌን አምኖ እጮኛውን ይዞ ሄደ። ሁለት ትኬት፣ ሁለት ፈንዲሻ፣ ደርሶ መልስ ታክሲ። በማግስቱ በር ላይ ጠበቀኝና «አንተን ብዬ!» አለኝ። እስካሁን ሲያገኘኝ ስለ ፊልም አያወራኝም።

ነገሩን ሳስበው ያ ጥያቄ መጀመሪያውኑ ጥያቄ አልነበረም። ስሙም እኮ ምረቃ ነው። ምረቃ ላይ አሜን ይባላል እንጂ አስተያየት አይሰጥም። የአማርኛ ፊልም ተመልካች ሐሳቡን በይፋ የሚጠየቅበት አንድ ቦታ ቢኖር ይሄ ነው፤ እሱም ላይ ሁላችንም እንዋሻለን። ምረቃው ካለፈ በኋላ፣ በአዘቦት ማክሰኞ ትኬት ቆርጦ የገባውን ሰው ደግሞ ጭራሽ የሚጠይቀው የለም። መብራት ይበራል፣ ጥበቃው በሩን ይከፍታል፣ ቻው።

እውነተኛው አስተያየት የሚነገረው ሌላ ቦታ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ፀጉር ቤት፣ ቡና ላይ። ባለፈው ቅዳሜ የሰማሁትን ልንገራችሁ።

እናቴ ቤት ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ከሰፈር ሱቅ ፍላሽ ላይ ፊልም አስጭኖ መጣ። (አውቃለሁ፣ ይህን ስትሰሙ አንጀታችሁ እንደሚቃጠል። ይቅርታ።) ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ፊልሙ የገጠር ታሪክ አለበት። ልጅቷ ከተማ ከርማ አያቷ ዘንድ ትመለሳለች። ጓዳ ገብታ እንጀራ ስትጋግር ይታያል። ሙዚቃው ያለቅሳል። እኛም ልናለቅስ ተዘጋጅተናል።

እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ኧረ አላሰሰችውም!» አለች።

ማንም አልገባውም። «ምጣዱን ነዋ! ማሰሻው የት አለ?»

ልጅቷ ሊጡን ቀዳችና ከመሃል ጀምራ አፈሰሰችው። እናቴ በሳቅ ወደቀች። ሊጥ ከዳር ተጀምሮ እየተዞረ ነው ወደ መሃል የሚገባው። ይህን አምባሻ እንኳ ጋግሮ የማያውቀው የእህቴ ልጅ ያውቀዋል። ቀጥሎ አያትየው ጋቢያቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። «የታጠፈበት መስመር እንኳ አልጠፋም። ዛሬ ጠዋት ነው ከሱቅ የወጣው» አለች።

ፊልሙ ለእሷ እዚያ ላይ አለቀ። አያትየው ሲሞቱና ልጅቷ ደረቷን ስትደቃ እናቴ ሲኒ እያጠበች ነበር።

ልብ በሉ። እናቴ «ፊልሙ ቀሽም ነው» አላለችም። «ያቺ ልጅ እንጀራ ጋግራ አታውቅም» ነው ያለችው። በእሷ ቤት ይህ ማለት ልጅቷ ገጠር አላደገችም ማለት ነው። ገጠር ካላደገች ሰውየውም አያቷ አይደሉም። አያቷ ካልሆኑ ደግሞ ምን ያስለቅሳል? አንዲት ማሰሻ ታሪኩን ሁሉ ይዛ ሄደች። ማሰሻ ምንድን ነው? ቁራጭ ጨርቅና ትንሽ ጎመን ዘር። ቀረጻው ቦታ እናቴን የመሰለች አንዲት ሴት ብትኖር፣ ወይም ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት አንዲት እናት ብታየው፣ በአንድ ቃል የሚስተካከል ነገር ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ነርስ አለች። የሆስፒታል ትዕይንት ሲመጣ ዓይኗ ቀጥታ ግሉኮሱ ላይ ነው። «አይንጠባጠብም» ትላለች። ሰውየው ኑዛዜ እየተናገረ ነው፣ እሷ ግሉኮሱን ታያለች። የሚኒባስ ሹፌር የሆነ ጓደኛዬ ደግሞ ማርሽ የማይቀይር ሹፌር አይቶ አያልፍም። «ከመገናኛ ቦሌ በአንድ ማርሽ!» እያለ ፊልሙን ሙሉ ያስቀናል። ሥራ የሌለው ልጅ የሚኖርበትን ቪላማ ተዉት፤ ሁላችንም ለምደነዋል። የድምፁን ነገር ግን ማንም አልለመደውም። ቤት ውስጥ የአማርኛ ፊልም ሲታይ አንድ ሰው ሪሞት ይዞ ይመደባል። ሲያወሩ ይጨምራል፣ ሙዚቃው ሲመጣ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ተመዳቢው እኔ ነኝ። የሲኒማ ቤት ተመልካች ደግሞ ሪሞት የለውም። ዝም ብሎ ይሰቃያል።

ሁሉም ወቀሳ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» ያየሁት ከአጎቴ ጋር ነው። አጎቴ ሰባ አምስት ዓመቱን አልፏል። ሲኒማ ቤት ከገባ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እሱም አያውቀውም። ፊልሙ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ የሚሄዱበትን የጥንት ሥርዓት ይዞ፣ አንድ የቅኔ ተማሪና አንድ ባላባት በአንድ ሰንሰለት ታስረው ረጅም መንገድ ሲጓዙ ያሳያል። አጎቴ እስኪያልቅ ትንፍሽ አላለም። የተኛ መስሎኝ ሁለቴ ዞር ብዬ አየሁት። አልተኛም። ትንሽ ከወንበሩ ወደፊት ተስቦ ተቀምጧል።

ታክሲ ውስጥ ነው አፉን የከፈተው። አያቱ በመሬት ክርክር ቁራኛ ታስረው ያውቁ ኖሯል። ከባላጋራቸው ጋር ሁለት ቀን ተጉዘዋል። መጀመሪያ ተሰዳደቡ፣ ቀጥሎ ዝም ተባባሉ፣ በሁለተኛው ቀን ከአንድ አገልግል በሉ። ምን ምርጫ አላቸው? አንዱ ሲቀመጥ ሌላውም ይቀመጣል። አጎቴ ይህን እየነገረን ወያላው ሒሳብ መቀበሉን ረስቶ ያዳምጥ ነበር። ቤተሰባችን ውስጥ ይህን ታሪክ ከዚያች ቀን በፊት የሰማ ሰው የለም። ፊልሙ ነው ከሆዱ ያወጣው።

የፊልሙ ሠሪዎች ግን ይህን አያውቁም። አጎቴ ከአዳራሹ ሲወጣ በሩ ላይ ጠብቆ «አባባ፣ እንዴት አገኙት?» ያለው ሰው የለማ። ለእኔ ከሽልማት ይበልጥ የነበረው አስተያየት ታክሲ ውስጥ ተነግሮ ታክሲ ውስጥ ቀረ።

ስለ ሽልማት ካነሳን አይቀር አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት፣ ፓርክ ሲቲ ከተማ በተካሄደው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ አሸነፈ። በዚያው ወር አካባቢ በርሊን ፌስቲቫል ላይም በፓኖራማ ዘርፍ አሸነፈ። ሁለቱም የተመልካች ሽልማት ናቸው። የሰጧቸው የተከበሩ ዳኞች አይደሉም። ትኬት ቆርጦ የገባ ሰው ሲወጣ በሰጠው ድምፅ ነው የተሸለመው። ዩታ ውስጥ፣ በዚያ በረዶ፣ አማርኛ የማይሰማ ሰው ከታች የሚጻፈውን ትርጉም እያነበበ ፊልማችንን አይቶ ድምፁን ሰጠ። እኛስ? አዲስ አበባ ላይ ገና ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። እግዱ የራሱ ጉዳይ ነው፣ ውስጡ አልገባም። በኋላ ስናየውም ግን ከእኛ ድምፅ የሰበሰበ አልነበረም። የፓርክ ሲቲ ሰው ምን እንዳለ በጽሑፍ አለ። የመርካቶ ሰው ምን እንዳለ የትም የለም።

የአዲስ አበባ ሰው እኮ ዝምተኛ ሆኖ አይደለም። ሲኒማ ገና ከተማዋ ሲገባ ነው ፍርዱን የሰጠው። ያንን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» አለው። ግድግዳ ላይ ሰው ሲሮጥ፣ ፈረስ ሲጋልብ አየና በሁለት ቃል ደመደመ። ስሙ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አስተያየት ከየት ይመጣል?

እንግዲህ የምጠይቃችሁን ልናገር። አዲስ ነገር አልፈጠርኩም።

አሜሪካ ውስጥ፣ ላስ ቬጋስ ላይ፣ ሲኒማስኮር የሚባል ድርጅት አለ። ኤድ ሚንትዝ የሚባል ሰው ነው በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የጀመረው። ሰውየው ደስ ይለኛል ያለውን ፊልም ገንዘቡን ከፍሎ ገባና ተናደደ። (ጎረቤቴን አስታወሰኝ።) ከዚያ ሐያሲውን ትቶ ተራውን ተመልካች መጠየቅ ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊልሙ በሚወጣበት የመጀመሪያ ምሽት ሰዎች በር ላይ ይቆሙና ለተመልካቹ ትንሽ ካርድ ይሰጣሉ። ተመልካቹ ልክ እንደ ተማሪ ቤት ከኤ እስከ ኤፍ ውጤት ይሰጣል። ዕድሜውንና ፆታውን፣ ለምን ሊያይ እንደመጣም ያመለክታል። በቃ። በማግስቱ መላው ሆሊውድ ውጤቱን ያውቃል።

ደስ ያለኝ ካርዱ ነው፤ ሙያዬ ነውና። ሚንትዝ ሐሳቡን ያገኘው ከምኩራብ ነው ይባላል። በአይሁድ በዓል በዮም ኪፑር፣ ቤተ እስራኤሎች አስተስርዮ በሚሉት ቀን፣ መጻፍ አይፈቀድም። ስለዚህ አማኙ ለምኩራቡ የሚሰጠውን ገንዘብ የሚያመለክተው ሳይጽፍ፣ የካርዱን ጠርዝ በማጠፍ ነው። ሚንትዝ ይህን አየና ለፊልም አዋለው። ጨለማ ውስጥ፣ ቆሞ፣ ቸኩሎ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። እስክሪብቶ አያስፈልግም፣ ጠረጴዛ አያስፈልግም፣ ካሜራም የለም። ደግሞ የተዋናዩ እናት አያዩህም።

ይህን ሐሳብ የፊልም ሥራ ውስጥ ላለ አንድ ወዳጄ ነገርኩት። ፊቱን አጨማደደ። «ተመልካች ከጠየቅህ ሁሌ ኮሜዲ ነው የሚልህ» አለኝ። «ተመልካች የሚፈልገውን አያውቅም።»

እውነት አለው፣ በከፊል። በተመልካች መመራት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው «ፌታል አትራክሽን» መጀመሪያ ሌላ መጨረሻ ነበረው። ለሙከራ ያዩት ሰዎች ስላልወደዱት እንደ አዲስ ተቀረጸ። ገንዘብ አመጣ፤ ግን የትኛው መጨረሻ ይሻል ነበር የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልቆመም። እኔ መጨረሻውን ቀይሩልን አላልኩም። ጀግናው ይሙት፣ ልጅቷ ሌላ ታግባ፣ የእናንተ ሥራ ነው። እኛ የምንላችሁ ማሰሻው የት አለ ነው።

ደግሞ ካልጠየቃችሁን ምን እንደሚሆን አይተነዋል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ተቃወማችሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል፣ እንጀራ ነው። ስለ ተመልካቹ የተወራው ግን ቅር አሰኝቶኛል። ልቡ ተሰረቀ፣ ባህሉን ረሳ፣ ቱርክ ሆነ። እህቴ በዚያን ጊዜ አንድም ክፍል አያመልጣትም ነበር። «ምኑ ነው እንዲህ የያዘሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ስለ ፍቅሩ የምትነግረኝ መስሎኝ ነበር። «ድምፁ ጥርት ይላል። ደግሞ ነገ ይመጣል ካሉ ነገ ይመጣል» አለችኝ። ሁለት ነገር ነው የነገረችኝ፤ ሁለቱም ስለ ቱርክ አይደሉም። ያኔ አንድ ሰው እንዲህ ያሉ አንድ ሺህ እህቶችን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ወዳጄ ሌላም ነገር ብሏል። «ሰው ዋጋ ከፍሎ ገብቶ ደግሞ ሥራ ልስጠው?» አለ። ሥራ አይደለም። ሰው ፊልም አይቶ ሲወጣ አፉን ይበላዋል። ታክሲ ሰልፍ ላይ የማያውቀውን ሰው «አየኸው?» የሚለው ለዚህ ነው።

ካርዱን አስቤበታለሁ። የእጅ መዳፍ ያህል ትሁን፤ ከኪስ የምትገባ። ከኤ እስከ ኤፍ የሚለው ለእኛ አይሆንም። ውጤት ተማሪ ቤት አስጠልቶናል። በየቀኑ በምንናገረው ይሁን፤ «ወደድኩት»፣ «ደህና ነው»፣ «ደበረኝ»። ሦስት ጠርዝ፣ አንዷ ትቀደዳለች። ከሥር አንድ ጥያቄ ብቻ ይጨመር፤ «ከፊልሙ ያላመኑት ነገር ምንድን ነው?» መልሱን መጻፍ የፈለገ ቤቱ ወስዶ ይጻፍ፣ ሌላ ቀን ሲመጣ ሳጥን ውስጥ ይክተት። ብዙው አይጽፍም። ነርሷ ግን ትጽፋለች። ሹፌሩም እንደሚጽፍ እርግጠኛ ነኝ፤ ስለ ማርሹ ወረቀት አይበቃውም።

ውጤቱን አውጥታችሁ ለጥፉ አልልም። መጀመሪያ ለራሳችሁ አንብቡት። ፊልሙ ደብሮን ከሆነ ቢያንስ የት ላይ እንደደበረን ትሰማላችሁ። አንዳንዱ ካርድ የማይረባ ይሆናል፣ ይህን ከአሁኑ ልንገራችሁ። «ተዋናይዋ ቆንጆ ናት» የሚል ብዙ ይመጣችኋል። ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ለእሷ ስጡልኝ የሚልም አይጠፋም። እሱን ቅደዱት።

የማተሚያው ነገር አያሳስባችሁ። ከሰርግ ካርድ የሚተርፍ ጥሩ ጥሩ ቁራጭ ወረቀት አለን፣ ብዙውን ጊዜ ይጣላል። ነጠብጣብ መስመር የሚበሳ ማሽንም አለን፤ ደረሰኝ የምንሠራበት ነው። አሠሪዬን አስፈቅጃለሁ። «ከቁራጭ እስከሆነ ድረስ» ብሎኛል። ለመጀመሪያው ፈቃደኛ ሲኒማ ቤት አምስት መቶ ካርድ በነፃ አትሜ አመጣለሁ። ከፈለጋችሁ ማክሰኞ ማታ እኔው በሩ ላይ ቆሜ አድላለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማይክ ይዛችሁ አጠገቤ እንዳትቆሙ።

ሳጥኑን ከመውጫው በር በስተቀኝ አድርጉት። በስተግራ ካደረጋችሁት ሽንት ቤት የሚሄደው ሰው ይጋፋዋል። እስክሪብቶ ደግሞ በክር አስራችሁ እንኳ እንዳታስቀምጡ፤ በመጀመሪያው ምሽት ነው የሚጠፋው።

ከአክብሮት ጋር
ከመሃል ረድፍ፣ ከዳር ወንበር